በማሰሮው ውስጥ የተንጠለጠለው

ከሰኞ በፊት ቢበጠስ ለማን ነው የምነግረው? ከሰኞ በኋላ ቢበጠስስ?

ይህን ጥያቄ ሳገላብጥ ሰነበትኩ፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም። ማሰሮው ከመኝታዬ ራስጌ፣ የሟች ምራቴ ፎቶግራፍ ካለበት የጸሎት ሣጥን አጠገብ ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ የፕለም አረቄ የምጥልበት አንገተ ሰፊ የመስታወት ማሰሮ ነው። አሁን ጨው ያለው ውኃ ሞልቶታል። አፉ ላይ የመብያ እንጨት ተጋድሟል፤ ከእንጨቱ የጣት ስፋት ያለው፣ እንደ ውኃው ጥርት ያለ ስስ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የአማቴ የድሮ ሚዛን ብረት ታስሮበታል። ብርሃን በጎን ካልመታው በቀር ስሱ ነገር አይታይም። ብረቱ ብቻውን ውኃ መሐል የቆመ ነው የሚመስለው።

ያን ነገር ከሠሩት አንዷ የልጅ ልጄ ቺጉሳ ናት። ሰኞ ደግሞ ከዚያው ድስት የወጣ ወንድሙ የአባቷ ጉልበት ውስጥ ይገባል።

እኛ ካንተን ሠሪዎች ነን። የባሕር ሣር ቀቅለን እናጠልላለን፤ ጭማቂው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ይረጋል፤ የረጋውን እንደ ጡብ ቆርጠን ማሳ ላይ በገለባ አልጋ እናሰጣዋለን። ሌሊት ውርጩ በረዶ ያደርገዋል፣ ቀን ፀሐይ ታቀልጠዋለች፤ ውኃው እየተንጠባጠበ ይወጣና በመጨረሻ ካንተን የምንለው ነጭ፣ እንደ ላባ የቀለለ የምግብ ማርጊያ ይቀራል። ባሕር በሌለበት ተራራ መሐል ሆነን በባሕር ሣር የምንኖረው በዚህ ውርጭ ነው። ሥራው መንበርከክ ይፈልጋል። ልጄ ሾጎ ትምህርት ከጨረሰ ጀምሮ በየብርዱ ወራት በረዶ ላይ ተንበርክኳል፤ አሁን የቀኝ ጉልበቱ ውስጥ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ጠዋት ሲነሳ ከወጥ ቤት ሆኜ ይሰማኛል፤ የደረቀ ቆዳ ሲታጠፍ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። እኔ ራሴን እንዳልሰማሁ አድርጌ ሾርባውን አማስላለሁ።

ቺጉሳ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ያን ስስ ነገር፣ ጄል የሚሉትን፣ ለጉልበት ብሎ ሠራው። ከአጥንትና ከአጥንት መሐል ያለቀውን ልስላሴ ይተካል ተባለ። በሰው ላይ ለመሞከር ጥቂት በሽተኞች ሲመረጡ ሾጎ ተመዘገበ፤ ዕጣም ወጣለት። ስልሳ ዓመት የሞላውን አይቀበሉም፤ ሾጎ ደግሞ የቼሪው አበባ ሲፈነዳ ስልሳ ይሞላዋል። እንግዲህ ወይ አሁን ነው፣ ወይ መቼም አይደለም። ይህ ካመለጠው በሚመጣው ብርድ ማሳ ላይ መንበርከክ አይችልም። ከቅድመ አያቱ የወረሰውን የገለባ አልጋ ጠቅልሎ ግምጃ ቤት ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ጠይቄው አላውቅም። መስኮት ዳር ተቀምጦ የሰው ማሳ ሲያይ ግን ይታየኛል።

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጌንሳኩ የሚባል የቆየ ሠራተኛችን አለ፤ ከሾጎ ይበልጣል፤ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሣጥን እየተሸከመ፣ "ጌታው፣ ጉልበትህ ጄሊ ሊሆን ነው አሉ። እንግዲህ ሰክረህ ደጅ እንዳታድር። ውርጭ ካገኘህ በጠዋት ካንተን ሆነህ ነው የምናነሳህ፤ ጠቅልለን ገበያ ነው" ይለዋል። ሾጎ እንደዚያ ሲስቅ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያ ሳቅ ነው አሁን የሚያስፈራኝ። ተስፋ ያደረገ ሰው ሳቅ ነው።

ቺጉሳ ከቀዶ ጥገናው በፊት እኛን ለማገዝ ብላ መጣች። ደፉን ስታልፍ "መጣሁ" አለች፤ እኔም "እንኳን ደህና መጣሽ" አልኳት፤ ሁሉም እንደ ወትሮው ነበር። ነገር ግን ሾርባዋን አልጨረሰችም። የተሸከመችውን ትንሽ የብርድ ማቆያ ሣጥን ከጎኗ አልለየችውም። በማግስቱ ማታ አባቷ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ወደ ክፍሌ መጣችና ክፍሌ እንዳይበርድ ማሞቂያው ያድር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያድራል አልኳት። እንግዲያው ማሰሮ ስጪኝ አለች።

ስታንጠለጥለው ዝም ብዬ አየሁ። ከጎኑ በምላጭ ትንሽ ሰነጠቀችው። ከስንጥቁ ፊት ለፊት በቀለም ሦስት ነጥብ አደረገች። ብረቱን ስታስርበት ያ ስስ ነገር ትንሽ ተሳበ፣ ስንጥቁም እንደ ዓሣ አፍ ተከፈተ፤ ግን ያዘ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ለትምህርት ነው፣ አያቴ።"

"ለትምህርት ከሆነ አባትሽ ሊታጠብ እስኪገባ ለምን ጠበቅሽ?"

ያን ጊዜ ተቀምጣ ነገረችኝ። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ከዚያ በላይ አልተማርኩም፤ ስለዚህ በኔ መጠን አድርጋ ነው የነገረችኝ። ጄል መረብ ነው አለች፤ አብዛኛው ውኃ፣ ውኃውን የያዘው ግን ዓይን የማያየው ረጅም ክር፣ እየተቋጠረ የተሠራ መረብ። የነሱ ጄል ሁለት መረብ አለው፤ አንዱ ግትር፣ አንዱ ልል፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተጠላለፈ። ሲጎተት ግትሩ ቀድሞ እዚህም እዚያም ይበጠሳል፤ ጉዳቱን በትንሽ በትንሹ ይበትነዋል፤ ልሉ ደግሞ ሁሉን ይዞ ይቆያል። ስንጥቅ እንዳይሮጥ የሚያደርገው ይህ ነው። "አንዱ ለሌላው ይሞትለታል" አለች። ቋጠሮው በትክክል የተበተነ እንደሆነ ማለት ነው። ቋጠሮ አንድ ቦታ ተጨናንቆ ሌላ ቦታ ከሳሳ ግን ግትሩ መረብ በጊዜው አይበጠስም፤ ስንጥቁ በሳሳው መንገድ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ሰው ምንም ሳያይ ይቆይና በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ሹራብ እሠራ የለ? ገባኝ። ከመሐል ያመለጠ ዓይን ያለበት ሹራብ ስትለብሺው ደህና ነው፤ አንድ ቀን ክርን ላይ ይተረተራል።

ሰኞ በሽተኞቹ ጉልበት ውስጥ የሚገባው ጄል ከወጣበት ድስት የተቀዳ አንድ ቁራጭ ቤተ ሙከራው ውስጥ ብረት ተንጠልጥሎበት ቀናት ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው ተበጠሰ። አስተማሪዋ ፕሮፌሰር አዩት። በመጥፎ ምላጭ የተቆረጠ ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ ይዘዋል፣ አንድ ቁራጭ ሕግ አይሆንም አሏት። ሰውየው ክፉ አይደሉም አለች፤ ደክሟቸዋል፣ ብዙ ዓመት ጠብቀዋል። እሷም አንድ ቁራጭ ሕግ እንደማይሆን ታውቃለች። ስለዚህ ሌላ ቁራጭ ይዛ መጣች፤ በአዲስ ምላጭ ቆረጠችው።

"ከሰኞ በፊት ከተበጠሰ እናገራለሁ" አለች። "ከያዘ፣ እሳቸው ልክ ናቸው። አባዬም ይገባል።"

"ለአባትሽ ነግረሽዋል?"

"ምን ብዬ? አየሽው እኮ ሲስቅ።"

ለሰው እንዳልናገር አስማለችኝ። እሷ ቀን ቀን ማሳ ላይ ሰው ጎድሎ ስለነበር ከአባቷ ጋር ትወጣለች፤ እኔ ማሰሮውን እጠብቃለሁ። ውኃው እንዳይጎድል፣ ክፍሉ እንዳይበርድ፣ ማንም እንዳይነካው። አደራ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፋ። አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ብረቱ አለ። ባላዞር ደግሞ ከጀርባዬ አለ።

ሾጎ አንድ ቀን ማሞቂያው ላይ ዘይት ሊጨምርልኝ ሲገባ አየውና ጎንበስ አለ። "ይሄ ነው ጉልበቴ?" አለ፣ በጣቱ መስታወቱን መታ መታ አድርጎ። "አትንካው!" አልኩ። ገረመው። የልጅቱ የትምህርት ዕቃ ነው፣ ትቆጣለች ብዬ ሸፋፈንኩት። "ቆንጆ ነው" አለ። "እኛ ይሄን ሁሉ ዘመን ስናረጋ እንዲህ የጠራ አግኝተን አናውቅም።" ከዚያ ወደ ሚስቱ ፎቶ ዞሮ፣ ልጅሽን አየሻት ወይ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

እንደ ወትሮው፣ ሲወጣ ደፉ ላይ ቆሞ "ሄጄ መጣሁ" አለ፤ እኔም "በደህና ግባ" አልኩት። በኛ ቤት ማንም ይህን ሳይል አይወጣም፤ ሳይመለስለትም በሩ አይዘጋም። ሚስቱን በቀበርንበት ጠዋት እንኳ ሾጎ ባዶ ክፍሏን "ሄጄ መጣሁ" ብሎ ነው የወጣው። እኔ ነበርኩ በሷ ፈንታ የመለስኩለት።

ስንጥቁ የመጀመሪያውን ነጥብ ያለፈው እኔ ራሴ እያየሁት ነው ብል ውሸት ይሆናል። እያየሁት አልተንቀሳቀሰም። ልብስ አጥፌ ስመለስ ግን አልፎ ነበር። ማታ ለቺጉሳ ነገርኳት፤ በማጉያ መነጽር አየች፣ መነጽሩን ጠርጋ ደግማ አየች። ሁለተኛው ነጥብ ጋ ለመድረስ ብዙ ቆየ። የቆመ መሰለ። ቆመ ብላ እሷም ተስፋ አደረገች፤ እሁድ ከሰዓት ሾጎን ሆስፒታል እናስገባዋለን፣ እስከዚያ ከቆየ ቆየ ማለት ነው። እኔ የሾጎን ሻንጣ አዘጋጀሁ፤ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሚወደውን የጨው አትክልት በትንሽ ዕቃ፣ ወፍራም የውስጥ ልብስ። አውጥቼ መልሼ አጠፍኩት። ነጠላ ጫማው ያዳልጠዋል ብዬ ሌላ ለወጥኩ። ሻንጣውን በር አጠገብ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሁሉም ማሳ ላይ ሳሉ ክፍሌ ገባሁ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ማሰሮውን በጎን መታችው። ሁለተኛው ነጥብ የለም። ስንጥቁ ውጦታል።

ቁጭ አልኩ። ቆይቼ ተነሳሁ። ያደረግሁትን ለማድረግ ብዙ አላሰብኩም፤ ባስብ ኖሮ ባላደረግሁት። ከወጥ ቤት ትንሿን የሩዝ አረቄ ጽዋ አመጣሁ። በአንድ እጄ የመብያ እንጨቱን ከነተንጠልጣዩ ብድግ አደረግሁ፣ ሌላውን እጄን እስከ ክርኔ ውኃው ውስጥ ከትቼ ጽዋዋን ደፍቼ ከብረቱ ሥር አስቀመጥኩ። ስለቀው ብረቱ ጽዋዋ ላይ ዐረፈ። ያ ስስ ነገር ላላ፤ የስንጥቁ አፍ እንደ ከንፈር ተገጠመ። እጅጌዬ እየተንጠባጠበ ቆሜ አየሁት። ደህና የሆነ መሰለኝ። በውኃው ውስጥ ደግሞ ጽዋዋ ነጭ ስለሆነች ከሩቅ አትታይም ነበር። ቺጉሳ ልትመጣ ስትል አነሳታለሁ፣ ስትሄድ እመልሳታለሁ፣ እስከ ነገ ከሰዓት ነው ብዬ ራሴን መከርኩት። ልጄ ይስቅ፣ ይግባ፣ ይዳን። ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪሞቹ ነገር ነው።

ውጭ ሰው ተጣራ።

መስኮቱን በክንዴ ጠርጌ አየሁ። ሾጎ ከገለባው አልጋ መሐል ወድቋል። የቀኝ እግሩ ከሥሩ ታጥፏል፤ በዙሪያው የካንተን ጡቦች ተበትነዋል። ጌንሳኩ እየሮጠ መጣ፤ ሾጎ በእጁ ወደዚያ አለው። ሰው እንዲያነሳው አይፈልግም። የማድረቂያውን እንጨት ይዞ ሊነሳ ሞከረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ጌንሳኩ አፍ አውጥቶ አልቀለደም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ጌንሳኩ ዝም ሲል። ሾጎ ሁለተኛ ሞከረ። ቆመ። ቆሞም ልብሱን አራገፈና የተበተነውን ጡብ ጎንበስ ብሎ ይለቅም ጀመር።

ወደ ማሰሮው ዞርኩ። ብረቱ ጽዋዋ ላይ ተቀምጦ ያርፋል።

ለልጄ ማን ጽዋ ያደርግለታል? የሳሳ መረብ ጉልበቱ ውስጥ ገብቶ፣ በሚመጣው ብርድ እዚያው ማሳ ላይ ተንበርክኮ ሳለ ቢበጠስ፣ እኔ ክንዴን እስከ ክርኔ የት ነው የምከተው? አጥንቱ መሐል? እጄን መልሼ ውኃው ውስጥ ከተትኩ። ጽዋዋን አወጣሁና አደረቅኳት፣ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ብረቱ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ጸሎት አላደረግሁም። ምን ብዬ? ያዝ ልበል ወይስ ተበጠስ?

ማታ ለቺጉሳ ያደረግሁትን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ቆየች። ያረፈው ጥቂት ስለሆነ ሙከራውን አያበላሸውም አለች። ከዚያ፣ "እኔም አስቤው ነበር፣ አያቴ" አለችኝ። "በየምሽቱ።"

እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ ነበርን። ሾጎ ፂሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። ትናንት የወደቀበትን አላነሳም፤ እኛም አላነሳንበትም። ሆስፒታሉ ስለሚሰጠው ምግብ ጌንሳኩ ያለውን እያወራልን ነበር፤ ሳይጨርሰው ከክፍሌ አንድ ድምፅ መጣ። ትልቅ አይደለም። ብረት መስታወት ሲነካ፣ በውኃ ውስጥ። ቅጭ።

ቺጉሳ መብያ እንጨቷን አስቀመጠች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሾጎ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ።

"ምንድን ነው?" አለ።

ቺጉሳ ሄደች። ማሰሮውን አቅፋ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሩዙ ጎን አስቀመጠችው። ላይ ላዩ ግማሹ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ታች ብረቱ ከሌላው ግማሽ ጋር ተጋድሟል። ሁሉንም ነገረችው። አላሳጠረችም፣ አላለቀሰችም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተበጠሰውን፣ ፕሮፌሰሩ ያሉትን፣ ይህንን ለምን እንዳንጠለጠለች። ሾጎ እጁን ለሙቀት ጠረጴዛውን ባለበሰው ብርድ ልብስ ሥር እንዳደረገ ሰማት። ጉልበቱን ይዞት እንደሆነ አውቃለሁ።

ስትጨርስ፣ "ይሄ ነገር ምንም አይናገርም" አላት።

"አባዬ፣"

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የመጣሽ ሌሊት ሣጥንሽን ከፍቼ ያችን ቁራጭ ማሳ ላይ ገለባው ላይ አሰጣኋት። የጌንሳኩን ቀልድ ልሞክረው ብዬ። በጠዋት መለስኳት። ውርጭ በልቷታል፤ ለዚህ ነው የተበጠሰችው። ይኸው ነው።"

እንዲህ ያለ ስህተት ከኛ ሰፈር ሰው በቀር ማንም አይሠራም። የረጋ ነገር ካየን እጃችን ወደ ገለባው ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው ለአፍታ ያመንኩት። ማመን ፈለግሁ። በቺጉሳም ፊት ላይ አንድ ነገር ብልጭ ሲል አየሁ፤ እሷም ፈልጋለች።

ግን እጇን ውኃው ውስጥ ከተተች። ሁለቱን ቁራጭ አወጣች፣ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጋ አደረቀች። ወደ መስኮቱ ሄደችና የተበጠሰበትን ፊት ለብርሃን ሰጠችው። ከዚያ አባቷን ጠራችው። ሾጎ ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት። እኔም ተከተልኩ።

"አባዬ፣ ውርጭ የነካው ጄሊ ሲቀልጥ ምን ይመስላል?"

ሾጎ በመስኮቱ ወደ ማሳው አየ።

"ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ነጭ ይሆናል። በረዶው የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆንና እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ስትገነጥለው ይጎረብጣል። ይሄን ንካው።"

ጣቱን ዘረጋ። ያ ወፍራም፣ በውኃና በውርጭ የተሰነጣጠቀ ጣት በተበጠሰው ፊት ላይ ሄደ። እኔም ከጎኑ ሆኜ አየሁት፤ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለ። አንድም ነጭ ነገር የለበትም።

"ደህና የሆነው ሲበጠስ እንኳ ዳርና ዳሩ ይደፈርሳል" አለች ቀስ ብላ። "ግትሩ መረብ በየቦታው ስለሚበጠስ፤ ልሉን ሊያድን ስለሚሞት ነው። እዚህ አልሞተም። ስንጥቁ ማንም ሳያስቆመው አለፈ። አንተ አላሰጣኸውም፣ አባዬ።"

ሾጎ ጣቱን ሰበሰበ። "አላሰጣሁትም" አለ።

ቺጉሳ ስልኳን አወጣች። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ከበሽተኞቹ ማንም ቢሆን በማንኛውም ሰዓት እንዲደውልላቸው ቁጥራቸውን ሰጥተው ነበር። እዚያው ፊታችን ቆማ ደወለች፤ ወጥታ ብትደውል እወድ ነበር፣ እሷ ግን አልወጣችም። ስሟን ነገረቻቸው፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ምን እንደሠራች፣ ምን እንዳየች። ብዙ አዳመጠች። "አዎን" አለች። "እኔው ነኝ፣ ራሴ ነኝ የቆረጥኩት።" "አዎን፣ ከዚያው ድስት።" "አይ፣ ፕሮፌሰሩ አልላኩኝም፤ ለሳቸውም አሁን እደውላለሁ።" በመጨረሻ ጎንበስ ብላ፣ እንደሚያዩዋት ሁሉ፣ አመሰገነቻቸው።

ስልኩን ስትዘጋ የነገውን ቀዶ ጥገና ለሁሉም በሽተኞች አቁመዋል አለች። ቁራጮቹን ይዛ ዛሬውኑ እንድትመጣ ይፈልጋሉ።

ሾጎ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ነበር። ከፊቱ ያለው ሩዝ በርዷል። መብያ እንጨቱን አንሥቶ፣ አስተካክሎ፣ በሳህኑ ላይ አጋደመው።

"ተላለፈ ወይስ ቀረ?" አለ።

ቺጉሳ ቁራጮቹን በጨርቁ ጠቀለለች። "አላውቅም" አለች። "እንደገና ለመሥራት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ምናልባት ዕድሜውን... እጠይቃለሁ፣ አባዬ። እለምናቸዋለሁ።"

ሾጎ ቀና ብሎ አያት። ይቆጣል ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ በሁለቱ መሐል ለመግባት፣ ምን እንደምል ባላውቅም። አልተቆጣም። ልጁን ለረጅም ጊዜ ነው ያያት፤ ትንሽ ሳለች ትኩሳት ሲይዛት እንደሚያያት ዓይነት። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። ያ የጉልበቱ ድምፅ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ሁላችንም ሰማነው።

ንጹሑን ሸሚዝ አወለቀ፣ አጥፎ ወንበሩ ላይ አደረገው። የሥራ ልብሱን ከመስቀያው አወረደ። ደፉ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በጨርቅ ጠመጠመ፤ ጠበቅ፣ ላላ፣ እንደገና ጠበቅ አደረገ። የጎማ ቦቲውን አጠለቀ። ውጭ ጌንሳኩ ጡቦቹን ብቻውን ሲገላብጥ ይታያል፤ ፀሐይ ወጥታ ካንተኑ መንጠባጠብ ጀምሯል፣ የሚያርፍበት ሰዓት አይደለም።

እኔ ከኋላው ቆሜአለሁ። "በደህና ግባ" የሚለውን ምላሴ ላይ ይዤ ቃሉን ጠበቅሁ። ቺጉሳም ማሰሮውን አቅፋ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

ሾጎ የሆስፒታሉን ሻንጣ በእግሩ ገፋ አድርጎ መንገዱን አስለቀቀው፤ የግራ እግሩን አስቀደመ፣ የቀኙን አስከተለ፤ በሩን ሳበ፤ ምንም ሳይል ወጣ።